በመቀነቴ የታቀፍኳቸው ትንኞች

ማርገዜን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ካበቃ በኋላ ነው እኔ የሰማሁት። የነገረችኝ ታናሽ እህቴ ስንዱ ናት፤ እሷም ደስ ብሏት ሳይሆን «ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ» ብላ ተቀይማ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ባል ከፈታሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከዚያ ወዲህ ከወንድ ጋር ያለኝ ጉዳይ፣ መጽሐፍ ወስዶ ያልመለሰ ተማሪ መንገድ ላይ ከመያዝ አልፎ አያውቅም፤ እዚህ ላሊበላ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝና። ከመቀነቴ ሥር ያበጠው ነገር ምን እንደነበር ከአሁኑ ልናገርና ልገላገል፦ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ፣ ውስጡ የተፈጨ ሙዝና እርሾ፣ ሙዙ ውስጥ ደግሞ ቁጥሩ የበዛ የትንኝ እጭ ነበር።

ትንኝ ስል ጠላ ቤት የምናውቃትን፣ ጣሳው አፍ ላይ የምታንዣብበውን፣ ጠጪው በትንፋሹ እፍ ብሎ አሳልፎ የሚጠጣውን ነው። መጽሐፉ የፍራፍሬ ዝንብ ይላታል። እሷ ግን ፍራፍሬ ባላየችበት አገር በጠላ ድፍድፍ ተንደላቃ ትኖራለች።

እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ዓመቴ ነው። ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው በላይ ይታይ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ጠበል ዘግይቶ እንደደረሰው በሽተኛ ነው፤ ጠብታ አያስፈስስም። ስህተት አይቼ ማለፍ አልችልም። አንድ ጊዜ የሠርግ መጥሪያ ላይ የፊደል ግድፈት አርሜ ለሙሽራው አባት መልሻለሁ፤ ለሠርጉ ደግመው አልጠሩኝም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ የክረምት ትምህርቴ መጨረሻው ዓመት ላይ ደረስኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ የትንኟን ጾታ የሚወስኑት ክሮሞሶሞች ከየት ተነስተው የት ደረሱ የሚል ነበር። መምህሬ ነሐሴ ሲያልቅ አንድ ጠርሙስ ሰጡኝ። ውስጡ ያሉት ትንኞች ዓይናቸው ነጭ ነው። የአገራችን ትንኝ ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀይ ነው፤ ነጮቹን አዳቅዬ እንዳይ ነው የሰጡኝ። ከወልድያ ላሊበላ ድረስ ጠርሙሱን በሁለት እጄ ይዤ ተጓዝኩ። ጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ «ማር ነው?» አሉኝ። «ትንኝ ነው» አልኳቸው። ጋሸና ላይ ወንበር ቀየሩ።

ቤት ስደርስ ስንዱ አምስተኛ ልጇን ወልዳ ቆየችኝ። ሴት።

አሁን የባሏን እናት እማማ ጥሩነሽን ላስተዋውቅ። እማማ ጥሩነሽ ሰባት ወንድ ልጅ ወልደዋል። ላስታ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ ትናንት የገባ ቱሪስት ነው፤ እሱም እስከ ነገ ይሰማል። የስንዱን ሦስተኛ ልጅ «ትብቃኝ»፣ አራተኛዋን «ማብቂያ» ብለው ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ማብቂያ ግን አላበቃችም። አምስተኛዋ ስትመጣ ስም ማውጣቱንም ተዉትና ነገሩን ቁርጥ አድርገው ተናገሩ፦

«የዚች ሆድ ሴት ለምዷል። ሰማንያው ቀን ይድረስና ልጂቱ ክርስትና ትነሳ፤ እስከዚያ እታገሳለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ልጄ ወንድ የምትወልድለት ያገባል። ተደብቄ አልሠራም፤ የክርስትናው ዕለት መምሬ ተካ ባሉበት እናገራለሁ።»

ልጃቸው ሲሳይ፣ ማለትም የስንዱ ባል፣ ደግ ገበሬ ነው። ድንጋይ ሲክብ ለእርከኑ እንደ ካህን ይጠነቀቃል። እናቱ ሲናገሩ ግን ጫማውን ያያል። ያን ዕለት ጫማውን ብዙ አየ።

ስንዱ ዓይኗ አብጦ መጣች። «እታለም፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው?»

«አይደለም። ሴትነትና ወንድነት የሚመጣው ከአባት በኩል ነው» አልኳት።

«ለእሳቸው ንገሪልኛ!»

ነገርኳቸው። እማማ ጥሩነሽ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ አዳመጡኝና፣ «ወረቀት የጻፉበትን ሁሉ ይሸከማል፤ አህያም እንዲያ ነው። እስቲ አሳዪኝ» አሉኝ።

አሳዪኝ። ለእኔ እንዲህ ያለ ቃል አይባልም። ወደ ጠርሙሴ ሄድኩ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ነጭ ዓይን ያላቸውን ሴቶች ቀይ ዓይን ላላቸው ወንዶች መዳር። መጽሐፉ እንደሚለው ከዚህ ጋብቻ የሚወለዱት ሴቶች ሁሉ የአባታቸውን ቀይ ዓይን፣ ወንዶቹ ሁሉ የእናታቸውን ነጭ ዓይን ይወርሳሉ። ይህን አይቶ የሚከራከር አይኖርም ብዬ አሰብኩ። መጽሐፉ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ በአሥር ቀን ክንፍ ታወጣለችም ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን ላስታ አላደረም። መስኮት ላይ ያስቀመጥኩት ጠርሙስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም አለ። እጮቹ የብርድ ልብስ የሚጠብቁ ይመስል ነበር። እንግዲህ ዶሮ የምታውቀውን እኔ የማላውቅበት ምክንያት የለም ብዬ፣ ጠርሙሱን ከመቀነቴ ሥር አስገብቼ ታቀፍኩት።

ከዚያ በኋላ ከተማው ሥራውን ጀመረ። ባጃጅ ውስጥ ሰው ቦታ ይለቅልኝ ጀመር። የጎረቤቴ ሚስት ተልባ አመጣችልኝ። ወንዶቹ ሙሽሮች የአገር ተወላጅ ይሁኑ ብዬ ሙዝ የያዘ ጠርሙስ ይዤ ጠላ ቤት ስገባ ደግሞ ነገሩ ባሰ። በሕይወቴ ጠላ ቤት ገብቼ አላውቅም። «ነፍሰ ጡር ሆና፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ!» ተባለ። እኔ ጥግ ይዤ፣ የትኛው ትንኝ ወንድ እንደሆነ ለማየት በጠጪው ሁሉ ጣሳ ላይ አንገቴን አስግጌ ነበር። ላስታ ያለችው ትንኝ ጠየም ያለች ናት፤ የወንዱ ጭራ ጥቁረት ቶሎ አይለይም።

ንስሐ አባቴ መምሬ ተካ ይህን ሁሉ ሰምተው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ማለዳ ማለዳ ኪዳን መምጣት ተውሽ። ምን ገጠመሽ?»

«አባቴ፣ ማለዳ ከቤት መውጣት አልችልም። ደናግሉን የምለየው ማለዳ ነው።»

«የምን ደናግል?»

«ከወንዶቹ ጋር በአንድ ጠርሙስ ትንሽ ከቆዩ አይሆኑኝም» አልኩ። እውነት ነው፤ ሴቷ ትንኝ ከተፈለፈለች በሰዓታት ውስጥ ካልተለየች፣ ልጆቿ የማን እንደሆኑ አይታወቅም። እሳቸው ግን አማተቡና አርባ አንድ ስግደት አዘዙኝ። ጠርሙሱ እንዳይደፋ ሁሉንም በቀስታ፣ በአንድ ጎን ሰገድኩ። ያየኝ ሰው «ወይ መጸጸት!» ብሎ አደነቀኝ።

በሦስት ጠርሙስ ሦስት ጋብቻ ፈጸምኩ። ወላጆቹን አውጥቼ ልጆቹን መጠበቅ ብቻ ቀረኝ። በዚህ መሐል የክርስትናው ጠላ የሚጠነሰሰው እኔ ቤት ሆነ፤ ልጅ የሌለበት ቤት ነው ተብሎ። እዚህ ላይ ነው የተማረ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት የሠራሁት። ድፍድፍ ሲፈላ ይሞቃል፤ ቤቴ ውስጥ ካለው ቦታ ሁሉ የሚሞቀው የጋኑ ጎን ነው። ሁለቱን ጠርሙሶች እዚያ አስጠግቼ ሦስተኛውን ብቻ መቀነቴ ውስጥ አስቀረሁ። ቀለለኝ። በጥበቤም ኮራሁ።

የክርስትናው ዋዜማ ከሥራ ስመለስ እማማ ጥሩነሽ ጠላውን ሊቀምሱ እኔ ቤት ገብተው ቆዩኝ። ሲገቡ ጽዳት ይጀምራሉ፤ ልማዳቸው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ጋኑ ሥር ትል ያፈራ ሙዝ አስቀምጠሽ እንዴት ታድሪያለሽ? ለዶሮ ደፋሁልሽ» አሉኝ።

ዶሮዎቹ አፋቸውን በመሬቱ እየጠረጉ ነበር።

«ሌላውስ? ሁለት ነበሩ።»

«ሌላውማ ጥሩ ጥጥ ነበረው። ለነገው ጧፍ ክር አንሶኝ ፈተልኩት።»

ዞር ብዬ አየሁ። ጥጡ የጠርሙሱ መክደኛ ነበር። ልጆቼ፣ ማለቴ ትንኞቼ፣ ጋኑ አፍ ላይ ከጠላ ቤት ዘመዶቻቸው ጋር ተቀላቅለው ይጨፍራሉ። የሰባ ቀን ድካም! አላለቀስኩም። ቆጠርኩ። ከሦስት ሁለት ሲቀነስ አንድ ነው። እጄን ወደ ወገቤ ሰደድኩ፤ አለ። እማማ ጥሩነሽ ሆዴን መያዜን አይተው ፊታቸው ትንሽ ራራ። «በይ ቁጭ በይ፣ አትቁሚ» አሉኝ።

በማግስቱ ልጂቱ ክርስትና ተነሳች። ስንዱ ቤት ተመልሰን ተበላ፣ ተጠጣ፤ ጠላው ላይ ትንኝ በዝቷል ተብሎ ታማ። ዳቦው ሲቆረስ እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«መምሬ፣ የመጣሁበትን ልናገር። ምራቴ ባለሙያ ናት፣ አልዋሽባትም። ነገር ግን አምስት ወለደች፣ አምስቱም ሴት። እኔ ሰባት ወንድ ወልጄ የልጄ ቤት ወራሽ ሲያጣ ዝም ብዬ አላይም። በወግ ይለያዩ።»

ስንዱ ሕፃኗን አጥብቃ ያዘች። ሲሳይ ጫማውን አየ።

መምሬ ተካ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። «ከባድ ነገር ነው። ሌላ የሚናገር አለ?»

እኔ ሰው ፊት አልናገርም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንኳ ዝም በሉ የሚለውን በካርቶን ጽፌ ሰቅያለሁ። ግን ሳላውቀው ቆሜ ተገኘሁ።

«እኔ ምስክር አለኝ» አልኩ።

«ወዴት አሉ?»

«እዚሁ ናቸው» ብዬ መቀነቴን መፍታት ጀመርኩ። ከበሩ ዘንድ አንዲት ሴት «ያዟት፣ ምጧ መጣ» አለች። ሁለት ሴቶች በብብቴ ሥር ገቡ። እነሱን ሳስለቅቅ ጠርሙሱ ወጣ። ለሁለት ወር የከተማውን ወሬ የመገበው ሆዴ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጠርሙሱን በእንስራ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፤ ትንኝ ብርድ ሲነካት ትደነዝዛለች፣ አትሞትም። ነጭ ሳህን ላይ አራገፍኳቸው። መምሬ ደቃቅ ፊደል የሚያነቡበትን አጉሊ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ አንድ የዶሮ ላባ ደግሞ ተገኘ። የሴቷ ጭራ ሹልና ዥንጉርጉር፣ የወንዱ ክብና ጥቁር መሆኑን አሳየኋቸው። መምሬ አንዷን አይተው ዓይናቸው አነባ።

«እስቲ እኔ ልይ» አሉ እማማ ጥሩነሽ። «ወረቀት አላውቅም፤ መርፌ ላይ ክር ግን እስከዛሬ የማስገባው ራሴ ነኝ።»

ይህን አልጠበቅኩም። ላባውን ሰጠኋቸው። ከሳሿ ሳህኑ ላይ አጎንብሰው ጤፍ እንደሚለቅሙ ይለቅሙ ጀመር። «ይቺ ሹል፤ ሴት። ዓይኗ ቀይ። ይኸ ክብ፤ ወንድ። ዓይኑ… የታመመ ነው እንዴ? ነጭ ነው። ይቺ ሴት፤ ቀይ። ይኸ ነጭ፤ ወንድ።» መምሬ በመቁጠሪያቸው ይከተሏቸዋል። አርባ አንዱ ሞልቶ ሁለተኛ ዙር ሲጀመር እማማ ጥሩነሽ ከዓይኑ ቀለም ተነስተው ጭራውን ሳያዩ ጾታውን ይጠሩ ነበር፤ ገልብጠው ሲያዩትም አይስቱም። ሰው ሁሉ ተጠጋ። ቀይ ዓይን ያለው ወንድ አልተገኘም። ነጭ ዓይን ያላት ሴት አልተገኘችም።

«እናቶቻቸው ዓይናቸው ምን ነበር?» አሉ መምሬ።

በወረቀት ጠቅልዬ ያስቀመጥኳትን አንዲት የሞተች እናት አሳየኋቸው። ነጭ።

«እንግዲህ ቀዩ የአባታቸው ነው» አልኩ። «የዓይኑ ቀለም የተጻፈው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። እናት ሁለት ኤክስ አላት፤ ለወንዱም ለሴቷም የምትሰጠው ያንኑ ኤክስ ነው። አባት ግን አንድ ኤክስ፣ አንድ ዋይ አለው። ቀይ ዓይን ያላት ሁሉ የአባቷን ኤክስ የወሰደች ናት፤ ሴት የሆነችውም በእሱ ነው። እናቲቱ የምትመርጠው ነገር አልነበራትም። በሰውም ሰጪው አባት ነው።»

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተፈታ። ዋይ የሰጠ ወንድ ይወልዳል፤ ወንድ የሚያደርገው ዋይ ነው።»

ሰው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። ስንዱ ተነፈሰች። ጉዳዩ አልቆ ነበር፤ ዝም ብል ኖሮ አልቆ ነበር።

«ይቅርታ አባቴ፣ ይህ ስህተት ነው» አልኩ።

ስንዱ ባቴን ቆነጠጠችኝ። አልቻልኩም። «በሰው ነው ዋይ ወንድ የሚያደርገው። ትንኝ ላይ ዋይ ወንድ አያደርግም። ወንድ የሚሆነው ኤክሱ አንድ ብቻ ሲሆን ነው።»

«ይኸው!» አሉ እማማ ጥሩነሽ ላባውን ጥለው። «ራሷ አፈረሰችው። ትንኟ እንደ ሰው ካልሆነች ስለ ሰው ምን አግብቷት ትመሰክራለች?»

ጥያቄው ጥሩ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪዎቻችን ሰምቼ አላውቅም፤ ቢቆጣኝም አከበርኳቸው።

«እማማ፣ ገነተ ማርያም በሁለት መንገድ ይኬዳል። ይኸኛው ዳገት ነው፣ ያኛው ዙሪያ ነው። መንገዱ ቢለያይም የሚሄደው እግርዎ ነው። ትንኝ ላይ ኤክስ ይቆጠራል፤ ሰው ላይ ዋይ ያዛል። በሁለቱም ግን እናት የምትሰጠው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለዋውጠው አባት ነው።»

«ታዲያ ትንኝ ላይ ዋይ ምን ይሠራል?» የሚል ድምፅ መጣ። ሲሳይ ነበር። ከጫማው ቀና ብሏል።

«ያለ እሱ ወንዱ ወንድ ነው፣ ግን አይወልድም። ሌላ ብዙ ሥራ የለውም፤ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።»

«ለምን ባዶ ሆነ?»

የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ይኸው ነበር። አስተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ በጉጉት አልጠየቁኝም።

«የሰው ኤክስና ዋይ ድሮ እንደ መንታ ነበሩ» አልኩት። «ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ። በየትውልዱ ወንፈል ይጋባሉ፤ አንዱ የተበላሸበትን ከሌላው ወስዶ ይጠግናል። ዋይ ወንድነትን ያዝኩ ብሎ ወንፈሉን ተወ። ብቻውን ቀረ። የፈረሰበትን የሚክብለት የለም፤ በየትውልዱ ትንሽ ትንሽ እየታጠበ ሄደ። የትንኟ ዋይ ደግሞ የባሰበት ነው። ከጥንቱ ርስት ያተረፈው ነገር መኖሩን ሊቃውንቱ ይጠራጠራሉ፤ ያሉት ጥቂት ነገሮችም ከሌሎች ክሮሞሶሞች የለቃቀማቸው ናቸው።»

«አውቀዋለሁ» አለ ሲሳይ። «ከወንዙ በላይ ያለው የጎረቤቴ መሬት እንዲያ ነው። ወንፈል ከተወ ወዲህ እርከኑ ፈረሰ፤ አሁን ድንጋይ ነው የሚያርሰው።» ትንሽ አሰበ። «እና እኛ ወራሽ ወራሽ የምንለው ይኼን የታጠበውን ነው?»

መልስ ሳይጠብቅ ተነሳ። ሲሳይ ሰው ፊት ሲነሳ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

«እማዬ፣ ስንዱ የወለደችው የሰጠኋትን ነው። ሌላ ብትመጣም የምሰጣት ያንኑ ነው። እኔ ከቤቴ አልወጣም።»

እማማ ጥሩነሽ ሳህኑን አዩ። ትንኞቹ እየነቁ ነበር፤ ቀይ ዓይኗ አንዷ ክንፏን አራግፋ ተነሳችና በፊታቸው በረረች። በዓይናቸው ሸኟት።

«የእኔን ሰባቱንስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«እርስዎ ወለዷቸው፣ አሳደጓቸው። ወንድ ያደረጓቸው ግን አባታቸው ናቸው።»

«ነፍሱን ይማረው» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን የኮራሁት በእሱ ኖሯል። አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ሳይል ሞተ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ግን የእሱ ልጅ ሆነህ ምን ነካህ?»

ይህም ስህተት ነበር። የአባትም ጥፋት አይደለም፤ እንደ ዕጣ ነው፣ የትኛው እንደሚደርስ ሰጪው ራሱ አያውቅም። አፌን ስከፍት ስንዱ ከክርስትናው ድፎ ዳቦ ትልቅ ቁራሽ ከነቅርፊቱ አጎረሰችኝ። አኘኩ። በሕይወቴ ሳላርም ያሳለፍኩት ስህተት ያ ብቻ ነው፤ ዳቦውም ጥሩ ነበር።

መምሬ ተካ የልጂቱ የዓለም ስም ማን ይሁን ብለው ጠየቁ። ሁሉም እማማ ጥሩነሽን አየ፤ ስም አውጪዋ እሳቸው ናቸውና። እሳቸው ግን «ሰጪውን ጠይቁት» አሉ። ሲሳይ ሕፃኗን ከስንዱ ተቀብሎ ታቀፋት። «ምስክር» አለ።

ቤት ስገባ በጣቴ አሰላሁት። የእኛ ደንብ ለወንድ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ ነው። በአርባኛው ቀን ትንኞቼ ገና አልተዳሩም ነበር። ልጂቱ ሴት በመሆኗ ነው ለእናቷ ጊዜ የገዛችላት። ወንድ ቢሆን ክርክሩም አይነሳም ነበር፤ ይህን አውቃለሁ፣ አራሚ አያስፈልገኝም።

ያን ዕለት ከስንዱ ቤት ስወጣ ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ባዶውን ጠርሙስ በእጄ ይዤ፣ መቀነቴን አጥብቄ፣ ቀና ብዬ ነበር የምሄደው። እማማ ጥሩነሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የቀረውን የጥጥ ክር ያጠነጥኑ ነበር። ቀና አሉና ከላይ እስከ ታች፣ በተለይም ወገቤ ላይ ቆመው አዩኝ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ።